የባጃጅ ደረሰኝ አምጡ

ሰው የስልክ ግምገማ ይጽፋል። የምግብ ቤት ይጽፋል። ባለፈው አንዷ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ያንን ሁሉ ገጽ ስትጽፍ አንብቤ በራሴ ምጣድ ሳምንት ሙሉ ተናድጃለሁ። እኔ ዛሬ የምገመግመው ገንዘብ ሰጪ ድርጅት ነው። ፈንድ የሚሉት። አይግረማችሁ፣ እሱም አገልግሎት ነው። ደንበኛ አለው፣ ሰልፍ አለው፣ ያመላልሳል። አንዳንዴም ደስ ያሰኛል።

ስሙን አልጠቅስም። ፈርቼ አይደለም፤ የመጨረሻው ሪፖርታችን ገና አልጸደቀም። እሺ፣ ትንሽ ፈርቼም ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ነኝ። ከመናኸሪያው ብዙ በማትርቅ አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት መኪና አለኝ፤ አንዱ የእግር፣ አንዱ የመብራት። በትርፍ ሰዓቴ የአሥራ ዘጠኝ ሴቶች ገንዘብ ያዥ ነኝ። ስብስባችን ከዕድር የወጣ ነው። ያለዕድሜያቸው ሊዳሩ የተቆረጠላቸው፣ በሰው ቤት ሥራ የተደበደቡ፣ ክስ መሥርተው ቀጠሮ የሚመላለሱ ልጆች አጠገብ እንቆማለን። «እንቆማለን» ማለት በተግባር ምን ማለት ነው? አውቶቡስ እንከፍላለን፣ እናሳድራለን፣ ፍርድ ቤት በር ላይ አብረን እንጠብቃለን። ሌላ ጥበብ የለንም።

አጀማመራችንን ካልነገርኳችሁ ግምገማው አይገባችሁም። በ2013 ታኅሣሥ ላይ አንዲት እናት ከገጠር ልጇን ይዛ መጣች። ለጥር ሠርግ የሙሽራ ቀሚስ አዘዘችኝ። «ሙሽራዋስ?» ስላት አጠገቧ ወደቆመችው ልጅ በአገጯ አመለከተች። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ገለጥኩት። ልጅቷ ባለፈው ዓመት ዩኒፎርም ያሰፋሁላት ልጅ ነች። ከስሟ ጎን በራሴ እጅ «6ኛ ክፍል» ይላል። ከዚያ ወዲህ ቁመቷ የጨመረው ሁለት ጣት ነው።

ቀብድ ተቀበልኩ። እውነቴን ነው፣ ተቀበልኩ። ምን እንደምል ጠፋኝ። ከዚያ ግን ልብስ ሰፊ የሚያውቀውን አንድ ነገር አደረግኩ፤ አዘገየሁት። «ገበሩ አልመጣም»፣ «መብራት የለም»፣ «ማክሰኞ ነይ»፣ «ለሐሙስ ያልቃል»። ልብስ ሰፊ ውሸታም ነው እየተባልኩ ሃያ ዓመት ተሰድቤያለሁ። ያኔ ስድቡ ሁሉ ተከፈለልኝ። እኔ ሳዘገይ እታለም፣ የዕድራችን የሴቶች ሰብሳቢ፣ የቤተሰቡን ንስሐ አባት አፈላልጋ አገኘቻቸው። የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህርም አነጋገረች። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 648 በወረቀት አስጽፋ በመቀነቷ ቋጥራ ነበር የምትዞረው። ልጅቷ አሥራ ሦስት ከሞላት እስከ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ያሳስራል የሚለውን። ጥር አለቀ። የካቲት ገባ፣ ዐቢይ ጾም ተያዘ፣ ሠርግ የለም። ፋሲካ ሲደርስ የወንዱ ወገን ሌላ ቦታ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ቀብዱን መለስኩ። ቀሚሱ እስከ ዛሬ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል።

ከዚያ በኋላ ከዕድሩ ገንዘብ ለብቻ በወር ሃያ ሃያ ብር ማዋጣት ጀመርን። አንዲት ልጅ ለማዳን በቂ ነበር። ለሦስት አልበቃም።

ወደ ፈንዱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሌላ ድርጅት ቀምሰን ነበር። ጥሩ ሆቴል ውስጥ ሁለት ቀን ስልጠና ሰጠን። ርዕሱ ያለዕድሜ ጋብቻን ስለመከላከል ነው። ምሳው ቡፌ፣ አበል ነበረው፣ ቲሸርትም ነበረው። እታለም ከኋላዬ ተቀምጣ «ይሄን አዳራሽ የተከራዩበትን ለእኛ ቢሰጡን ስንት ልጅ ከመንዝ እናመጣበት ነበር» አለችኝ። ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት ነው። አሠልጣኙ ሰማ። ሁለተኛ አልተጠራንም።

ፈንዱን ያገኘችልን ሚጢ ነች። ሚጢ የቤት ስሟ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና እኔ ጊቢ ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ ማታ ቡና ላይ ለሴቶች ስብስቦች ገንዘብ ስለሚሰጡ ድርጅቶች አነበበችልን። አንደኛው ማማ ካሽ ይባላል። በ1983 እንደ ፈረንጆቹ አምስተርዳም ውስጥ አምስት ሴቶች ናቸው የጀመሩት፤ መነሻው ከአምስቱ አንዷ የወረሰችው ገንዘብ ነው። እታለም «ታዲያ ዕቁብ ነዋ!» አለች። ግሎባል ፈንድ ፎር ዊመን በ1987 አሜሪካ ተቋቋመ። የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ በ2000 ተመሥርቶ ዋና ቤቱ ጋና፣ አክራ ነው። ፍሪዳ የሚባለው ደግሞ ለወጣት ሴቶች ስብስቦች ነው። እሱ ላይ ገንዘቡ ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚመርጡት ያመለከቱት ሴቶች ራሳቸው ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ማመልከቻ አንብቦ ድምፅ ይሰጣል። ይሄ በጣም ገረመኝ። ዕጣ ሲወጣ ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ እንደሚያየው ማለት ነው። የኛ ፈንድ ከነዚህ ውስጥ የለም፤ አትጠርጥሩ።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ገብቶ ቀረ። አዊድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ማኅበር በየሀገሩ ከ740 በላይ የሴቶች ድርጅቶችን ጠይቆ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ የ2010ን ገቢያቸውን በቅደም ተከተል ሲደረድሩት መሐል ላይ የቆመው ድርጅት ያገኘው 20 ሺህ ዶላር ነው። የዓመት። ለመላው ድርጅት። እኔ ድርጅት ሲባል ነጭ መኪና ነበር የሚመጣብኝ።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ።

ማመልከቻው አጭር ነው፤ ስምንት ጥያቄ። ይሄ ጥሩ ነው። ያለው ግን በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽና በአረብኛ ነው። አማርኛ የለም። ስለዚህ እኛ በአማርኛ እንናገራለን፣ ሚጢ ትጽፋለች፣ መልሳ በአማርኛ ታነብልናለች፣ እታለም «እንደሱ አላልኩም» ትላለች። ሦስት ማታ ፈጀ። አንዱ ጥያቄ «የለውጥ ንድፈ ሐሳባችሁ ምንድን ነው?» ይላል። ዝም ተባባልን። በመጨረሻ እታለም «ልጅ ብቻዋን ፍርድ ቤት ከሄደች ትፈራለች፤ ሦስት ሆነን ከሄድን ዳኛውም ቀና ብሎ ያያል። ይሄንን ጻፊ» አለቻት። ተጻፈ። በኋላ እንደነገሩን ያሳለፈን ይሄ መልስ ነው።

ማስገባቱ ሌላ ጣጣ ነበር። ጊዜው ኅዳር 2016 ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ፎርሙ ደግሞ የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ሚጢ ፍላሽ በጡት መያዣዋ ደብቃ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሄዳ አስገባች። ፍላሽ ምን ያስደብቃል? እሷን ጠይቋት፤ ጊዜው እንዲያ ነበር። ማመልከቻው የሚዘጋው «11፡59» ይላል። እኛ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ ማለት ላም የሚገባበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከመናኸሪያ እስከ ኢንተርኔት ቤት እየሮጠች፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ተኩል ላይ ላብ በላብ ሆና ላከችው። ለካ የእነሱ 11፡59 ሌሊት ነው፤ ያውም በእንግሊዝ ሰዓት። እኛ ጋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል። ሚጢ ይህንን ስታውቅ አንድ ሰዓት ሙሉ አላናገረችኝም።

አሁን ላመስግን። ዳታ የለም ስንላቸው ቃለ መጠይቁን በተራ ስልክ አደረጉት። ከናይሮቢ አንዲት ሴት ደወለች። ስልኩን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ድምፁን ከፍተን አስቀመጥነው፤ ሰባት ሆነን ከበብነው። መስመሩ አራት ጊዜ ተቆረጠ፣ አራት ጊዜ መልሳ ደወለች። በጀታችን ውስጥ አሥራ ሁለት ብርድ ልብስ አይታ «ብርድ ልብስ ለምንድን ነው?» አለች። ሚጢ ልታስረዳ ስትጀምር እታለም ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች። «የኔ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን መጥተሽ ጥቅምትን እደሪና ትጠይቂኛለሽ» አለቻት። ተተረጎመላት። ሳቀች። ለማታውቁት፣ ከተማችን ያለችው 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የታወቀው ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል በስስ ነጠላ የመጣች ልጅ ከፍርዱ በፊት ብርዱ ያሸንፋታል። ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን አሥራ አምስት አደረገችው። እንዲህ ያለ ባለ ገንዘብ አይቼ አላውቅም።

ሌላም አለ። «ገንዘቡን ለምታምኑበት አውሉት» አሉን። በዚህን ያህል መቶኛ ስልጠና አድርጉ፣ በዚህ ያህል ብሮሹር አሳትሙ የለም። በኋላ የልጆቹን ፎቶ ጠየቁን። አንሰጥም አልን፤ ልጆቹ ነገ እዚሁ ከተማ ይማራሉ፣ ያገባሉ። በማግስቱ መልስ መጣ። ልክ ናችሁ፣ መጠየቅ አልነበረብንም፣ ይቅርታ ይላል። ያን ኢሜይል አሳትሜ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ደንበኛ «ዲፕሎማሽ ነው?» ይለኛል።

እስካሁን ያለው ለአምስት ኮከብ የቀረበ ነው። አሁን ወደ መራራው።

እኛ ፈቃድ ያለው ድርጅት አይደለንም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስት ሰው ሆኖ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማቋቋሙ ቀርቶ ማስተዳደሩ ነው የከበደን፤ ዓመታዊ ሪፖርት፣ ኦዲት። አሥራ ዘጠኛችን ውስጥ ጠላ ሻጭ አለች፣ ባልትና የምታዘጋጅ አለች፣ ነርስ አለች። ኦዲተር የለችም። ፈንዱ «ግድ የለም፣ ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል እንልካለን» አለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት አደራ ተቀባይ ሆነ። ከገንዘቡ 10 በመቶ ይወስዳል። እሺ፣ ይውሰድ። ሥራ ነው።

ገንዘቡ 5,000 ዶላር ነው። ሰኔ 2016 ላይ ገባ። ምንዛሪው 57 ብር ገደማ ነበር፤ 285 ሺህ ብር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ታኅሣሥ ላይ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ነበር። ያው 5,000 ዶላር ስድስት ወር ዘግይቶ ቢመጣ ከ600 ሺህ ብር በላይ ነበር። በሕይወቴ ገንዘብ በጊዜው ደርሶ የጎዳኝ ያኔ ብቻ ነው። ቢያንስ በዚያው ሰኔ ቢሰጡን ደግ፤ ዕቃ እንገዛበት ነበር። አደራ ተቀባዩ ጋ ሰባት ሳምንት ተኛ። ፊርማ፣ ስብሰባ፣ «ኃላፊው መስክ ወጥተዋል»። ዶላሩ ፈጠነ፣ ብሩ ዘገየ፣ መሐል ላይ የብርድ ልብሱ ዋጋም የመኪናው ታሪፍም ጨመረ። 10 በመቶውና የባንኩ ወጪ ተቆርጦ 254 ሺህ ብር እጃችን ገባ። አሥራ አምስቱ ብርድ ልብስ አሥር ሆነ።

ከዚያ ደረሰኝ።

የአደራ ተቀባዩ ሒሳብ ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮኝ አያውቅም። ግን ሁልጊዜ የሚደውለው ለአንድ ነገር ነው። «እህቴ፣ የባጃጁን ደረሰኝ አምጪ።» ወንድሜ፣ የባጃጅ ደረሰኝ የት አለ? «ቲን ነምበር ያለው።» የአልጋ ደረሰኝ ጠየቀኝ፤ ልጆቹ የሚያድሩት አባሎቻችን ቤት ነው፣ የምንከፍለው የእራትና የሳሙና ነው። የበቅሎ ኪራይ ደረሰኝም ጠየቀኝ። አንዲት ልጅ ከነታመመች እናቷ ከቀበሌያቸው እስከ መኪና መንገዱ በበቅሎ ነው የመጡት። ባለበቅሎው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። «ማኅተም ያለው ደረሰኝ ይስጡኝ» ብላቸው በቅሎዋን አዙረው ነበር የሚሄዱት።

ቀጥሎ «ትራንስፖርት አስተዳደራዊ ወጪ ነው፣ ከ20 በመቶ በላይ አይቻልም» የሚል ደብዳቤ መጣ። እዚህ ላይ ሚጢ ተናደደች። አዋጁን አውርዳ ማታውን አነበበችው። እውነት ነው፣ አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይብለጥ ይላል። ግን ለዋናው ዓላማ የሚወጣ ወጪ አስተዳደር ሊባል አይችልም። የኛ ዋና ሥራ ልጅቷን ፍርድ ቤት ማድረስ ነው። ትራንስፖርቱ ሥራው ራሱ ነው። ያለሱ ምን ቀረን? ሚጢ እንዲህ ብላ ሁለት ገጽ ጻፈች። አንድ ወር ተከራክረን ረታን። ደረሰኝ ለማይገኝለት ወጪ የምንሞላው ቅጽ ተዘጋጀልን፤ ስም፣ ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ስንት ብር፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሁለት ምስክር። ይሄ ቅጽ ከመጀመሪያው ቢኖር የሦስት ወር ጭቅጭቅ ይቀርልን ነበር። ገንዘብ ያዥ ለሆናችሁ ሁሉ እመክራለሁ፤ ብሩ ሳይመጣ በፊት ቅጹን ተፈራረሙ።

ባነሩንም ልንገራችሁ። የአደራ ተቀባዩ አርማ ያለበት ሁለት ሜትር ባነር ተላከልን፤ ልጆቹ የሚያድሩበት ቤት በር ላይ ስቀሉት ተባለ። በሳምንቱ የቤቱ አከራይ ልጅ «ዶላር ገባላችሁ አሉ» አለኝ። በወሩ ኪራይ ተጨመረ። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ የተከሳሽ ወገኖች ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ለማወቅ ባነሩን መከተል ብቻ ይበቃቸዋል። አወረድነው። ፎቶ ላኩ ሲሉን ሰቅለን አንስተን እናወርዳለን። ይሄን የሚያነብ የአደራ ተቀባዩ ሰው ካለ፣ አዎ፣ ሦስቱም ፎቶ የአንድ ቀን ነው።

ገንዘቡ ምን ሠራ? አብዛኛው መንገድ ላይ አለቀ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምናገረው። በአሥራ አራት ወር 43 ጉዞ ከፍለናል። አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። ከመንዝ በኩል፣ ከደብረ ብርሃን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቅ ቦታ የመጣች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። ስለ ጉዳዩ አልጽፍም። ቀጠሮው ስድስት ጊዜ ተዛወረ። አንዴ ምስክር ቀረ፣ አንዴ መዝገቡ አልቀረበም፣ ሁለቴ መንገድ ተዘጋ፣ አንዴ ዳኛው ተቀየሩ፤ የቀረውን አላስታውስም። አንዱ ቀጠሮ ለልጅቷና ለእናቷ ደርሶ መልስ፣ ማደሪያና ምግብ ይዞ 2,400 ብር ይፈጃል። ስድስት ጊዜ ብላችሁ አስሉት። በአምስተኛው ላይ እናትየዋ እሳት ዳር ባና ተከናንባ ተቀምጣ፣ ባናውን እኮ ይዛው የመጣችው ከሀገሯ ነው፣ ራሷ የፈተለችው ሱፍ፣ «ያባቷ ዘመዶች የሚጠብቁት እስኪደክመን ነው፤ የመሳፈሪያ ባይኖር በሁለተኛው እንቀር ነበር» አለችኝ። በሰባተኛው ተፈረደ።

ግን ከሁሉ የምወደው ወጪ ሌላ ነው። የስልክ ካርድ፣ በወር 600 ብር። ደብረ ሲና የሚያልፍ ሰው ቆሎ ሻጮቹን ያውቃል። ከጣርማ በር ዋሻ ወርዳችሁ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ጭልፋና ላስቲካቸውን ይዘው መስኮት ስር ናቸው። ከወሎ፣ ከይፋት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሁሉ በነሱ ፊት ያልፋል። እነሱ መኪናው ውስጥ ማን እንዳለ ያያሉ። አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናቸው ሦስት አራት ልጆች አንድ ከማይዘመዳቸው ሰውዬ ጋር ተቀምጠው፣ ቆሎ ሲያዩ ዓይናቸው እየሄደ የሚገዛላቸው ከሌለ፣ ሰውዬው ደላላ ነው። ስድስት ቆሎ ሻጮች በወር የመቶ የመቶ ብር ካርድ እንሞላላቸዋለን። ሲጠረጥሩ ታርጋውን ይደውሉልናል። መኪናው ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ እታለም ፖሊስ ይዛ መናኸሪያ ትጠብቃለች። አንዳንዴ አጎትየው እውነተኛ አጎት ሆኖ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለት ጊዜ ግን አጎት አልነበረም።

የናይሮቢዋ ሴት ይሄንን ስትሰማ ዝም አለችና «ሀሳቡ የማን ነው?» አለች። የቆሎ ሻጯ፣ አልናት። አደራ ተቀባዩ በበኩሉ «ቆሎ ሻጮቹ የሥራ ውል አላቸው?» ብሎ ጠየቀ።

ፍርዴን ልስጥ። ለፈንዱ ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት በአማርኛው ነው። ምኑ ነው ከባዱ? ማመልከቻ በድምፅ ቅጂ ይቀበሉ። እታለም ማንበብ የቻለችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስትናገር ግን ጠበቃ ያስንቃል። ደግሞ ድጋፉ የአንድ ዓመት ነው። ክርክሩ ሦስት ዓመት ሲሄድ ገንዘቡ በአንድ ዓመት «ዘላቂነታችሁን አሳዩን» ይላል። እናንተም ዘላቂ ሁኑልና!

ለአደራ ተቀባዩ ሁለት። ሁለተኛዋን የሰጠሁት ለሒሳብ ሠራተኛው ልጅ ትዕግሥት ነው።

እውነት ለመናገር በድሮው ጊዜ ቢሆን ይሄም አይገኝም ነበር። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ መሥራት አይችልም ነበር። ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ በዚያ ምክንያት ሠራተኞቹን አሰናብቶ ነበር። ስለዚህ ሳማርር ልክ አለኝ።

ዕድራችን ግን አምስት ኮከብ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት አንኳኩቼ እታለም ከመቀነቷ ፈትታ ብር ሰጥታኛለች፤ ፎርም አልሞላሁም። ችግሩ መቀነቷ ውስጥ ያለው ትንሽ ነው።

የዘንድሮው ማመልከቻ ተከፍቷል። ሚጢ ተመርቃ አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች፣ ቅዳሜ ትመጣለች። ልታመለክቱ የምታስቡ ካላችሁ ትራንስፖርቱን አንደኛ መስመር ላይ ጻፉት፣ አታፍሩበት። ብርድ ልብስም ጨምሩ። 11፡59 የሚለውን ደግሞ በሀበሻ ሰዓት እንዳትቆጥሩት።